አስመስለው ሲስቁብን እኔም ስቄ ነበር

አድሚን ይሄን ጽሑፍ ካሳለፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሥራ ጨርሳችሁ ጋደም ስትሉ አንብቡት። እኔ እስከ አስር ነው የተማርኩት፣ የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ቀልድ ነው። እኛን አስመስለው ስለሚሰሩት ቀልድ። ሁላችሁም አይታችኋል። አንድ ወንድ ልጅ ሻርፕ ይጠመጥማል፣ ስልኩን በሻርፑ ውስጥ ጆሮው ላይ ይወትፋል፣ መወልወያ ይዞ "አና ማፊ ማሉም ማዳም" እያለ ይርበተበታል። ቀጥሎ ደግሞ ቦሌ ኤርፖርት ደርሶ ይታያል፣ ዊግ አድርጎ፣ ወርቅ የሚመስል ነገር አንገቱ ላይ ደርድሮ፣ አማርኛው ጠፍቶበት "ያኒ... ኤሽ ኢስሙ..." ይላል። ሰው በሳቅ ይሞታል። እኛ ደግሞ ለሁለት እንከፈላለን። ግማሻችን "ሰደቡን፣ ሙድ ያዙብን" ብለን እንቆጣለን፣ ግማሻችን "ቀልድ እኮ ነው አታካብዱ" እንላለን።

እኔ ሁለቱም ልክ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን እውነቱን ላውራ፣ እኔም ስቄያለሁ። ያቺ ስልክ በሻርፕ መወተፍ የኔው ናት፣ ሰሃን ሳጥብ ከእናቴ ጋር የማወራው እንደዛ ነው። አማርኛ መሀል "ያላ" እና "ኻላስ" ማስገባትም የኛው ነው፣ መካድ አይቻልም። እቤት ስደውል ታናሽ ወንድሜን "ኻላስ ዝጋው" እለዋለሁ፣ እሱም "ኻላስ ኻላስ" እያለ ያስመስለኛል። ተቀይሜው አላውቅም። ስለዚህ ማስመሰል በራሱ ነውር ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ደግሞስ ማን ነው የማያስመስል? ትምህርት ቤት እያለን ዩኒት ሊደሩ ዱላውን ይዞ ሲንጎራደድ እያስመሰልን አይደል ያደግነው? በኛ ሀገር አዝማሪ እንኳን ጌታውን እያወደሰ በመሀል ሸንቆጥ ያደርገዋል። አለቃ ገብረሃና ከነገሥታትና ከመኳንንት ጋር ሳይቀር በሰምና ወርቅ ይቀልዱ ነበር ይባላል፣ እስካሁን የምናወራው ለዛ ነው። ደረጀና ሀብቴም ሲያስቁን ያደግነው ሰው አስመስለው ነው። ሰው የሚፈራውን ሰው አስመስሎ ሲስቅ ትንሽ ይቀለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ቀልድ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

እዚህም ሀገር ያው ነው። ሳዑዲ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳውን ጠብሰን ሾርባውን አቅርበን እቃ ስናነሳ ቲቪው ላይ ቀልድ ድራማ አይጠፋም። "ጣሽ ማ ጣሽ" የሚባለው የሳዑዲ ቀልድ እኤአ በ1993 ነው የተጀመረው። ከብዙ ዓመት እረፍት በኋላ በ2023 ረመዳን ሲመለስ ማዳሜ እንደ ዘመድ ነው የተቀበለችው፣ "ይሄን ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት" ብላ እኔንም አስቀመጠችኝ። የራሳቸውን ሰው ነው የሚያስመስሉት፣ ቢሮ ያለውን አለቃ፣ ሃይማኖት አጥባቂ መስሎ ሌላ የሚሰራውን፣ ሚስቱን የሚደብቀውን። ከዋናዎቹ ተዋናዮች አንዱ ናስር አል ቀሰቢ ይባላል፣ እሱ በ2015 "ሴልፊ" በሚል ሌላ ድራማ አይሲስን አስመስሎ ቀልዶባቸው እንገድልሃለን ብለው ዝተውበታል። አስቡት፣ መሳሪያ የያዘ ሰው ቀልድ ፈርቶ ሲዝት።

ሌላም አለ። የማዳሜ ትልቋ ልጅ አንድ ቀን መኪና ውስጥ በስልኳ አሳየችኝ። ሂሻም ፈጊህ የሚባል የሳዑዲ ልጅ የቦብ ማርሌይን "ኖ ውማን ኖ ክራይ" ወስዶ "ኖ ውማን ኖ ድራይቭ" ብሎ ዘፍኖታል። እኤአ በ2013 ነው የወጣው፣ ሴት መኪና መንዳት በተከለከለችበት ጊዜ። ያለ ሙዚቃ መሳሪያ፣ በድምፅ ብቻ፣ ኮስተር ብሎ ክልከላውን የሚደግፍ መስሎ ነው የሚዘፍነው፣ ግን ሰሚው ሁሉ ክልከላው ላይ እየሳቀበት መሆኑን ያውቃል። ሚሊዮኖች አዩት። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ሴቶች እንዲነዱ ተፈቀደ። ያን ያመጣው ዘፈኑ ነው አልልም፣ ሲነዱ ተይዘው የታሰሩ ሴቶች አሉ፣ እነሱ ናቸው ያመጡት። ግን ልጅቷ እራሷ እየነዳች፣ ዘፈኑን ከፍታ፣ ስትስቅ አይቻታለሁ። አንድ የሚያስለቅስ ነገር የሚያስቅ ሆኖ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ያኔ ገባኝ።

ግን እዛው ቲቪ ላይ፣ በዛው በረመዳን፣ ሌላም አይነት አለ። በ2018 "ብሎክ ገሽመራ" የሚባል የኩዌት ቀልድ ላይ ተዋናዮች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው ሱዳኖችን ሰነፍ አድርገው አሳዩ። ሱዳኖች ተቆጡ፣ ይቅርታም ተጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አንዲት ግብፃዊት ኮሜዲያን እንደዚሁ ፊቷን አጥቁራ፣ ሱዳናዊት ነኝ ብላ አውቶብስ ላይ ሰው ስታስቸግር ታየች፣ እንደገና ቁጣ ሆነ። ፊት አጥቁሮ መሳቅ ለኛም ነው የሚተርፈው፣ መንገድ ላይ የሚጠራን ሰው ከየት እንደሆንን አይጠይቅም።

እንግዲህ ሁለቱም ማስመሰል ነው፣ ሁለቱም ያስቃል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? እኔ ለረጅም ጊዜ "አንዱ ጨዋ አንዱ ባለጌ" ነው የምለው። አሁን ግን ሌላ ይመስለኛል። እሱን ያስተማረኝ ኩሽና ነው።

አርብ አርብ የማዳሜ ቤተሰብ በሙሉ ማማ ከቢር ቤት ይሰበሰባል፣ ማለት የማዳሜ እናት ቤት። አምስት እህትማማቾች ናቸው፣ አምስቱም ሰራተኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እነሱ ሳሎን፣ እኛ ኩሽና። ሦስታችን ሐበሻ ነን፣ አንዷ ኬንያዊት ናት፣ አንዷ ፊሊፒን። ከብሳው ከተበላ፣ ትሪው ከታጠበ፣ ቃህዋው ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት የምትሆን ጊዜ አለችን። ለእረፍት ቀን አትሆንም፣ ግን እኛ አርብን የምንጠብቃት ለሷ ነው። ምን እንደምንሰራ ልንገራችሁ? ማዳሞቻችንን እናስመስላለን።

የኔ ማዳም አቧራ ስትፈልግ ጣቷን በበሩ የላይኛው ጠርዝ ታስኬዳለች፣ ከዛ ጣቷን በመብራት ታየዋለች። አቧራ ካጣች ቅር ይላታል፣ ወደ ሌላ በር ትሄዳለች። እስክታገኝ ነው። እኔ እሷን ስሆን ኬንያዊቷ መሬት ላይ ትቀመጣለች በሳቅ። ኬንያዊቷ ደግሞ የራሷን ማዳም ትሆናለች፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሩዝ እንዳታቀርቢልኝ፣ ዳይት ነኝ" ብላ፣ ሌሊት ፍሪጅ ከፍታ ስትያዝ "ለልጁ ውሃ ፈልጌ ነው" የምትለዋን። ሌላዋ ልጅ ባባን ነው የምትሆነው፣ ደመወዝ ልትጠይቀው ስትመጣ ሲያያት ማንም ሳይደውልለት ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ "አይዋ፣ አይዋ" የሚለውን። ፊሊፒኗ አረብኛ ከኛም ያነሰ ነው የምትችለው፣ ግን ምንም ሳትናገር በአካሄድ ብቻ አምስቱንም እህትማማቾች ትለያቸዋለች። አንዷን ገና ሁለት እርምጃ ስትራመድ ማን እንደሆነች እናውቃለን።

አንድ ቀን ይሄን እያየሁ አሰብኩ። እኛ እነሱን ስናስመስል ለምንድን ነው እንዲህ ቁጭ የሚለው? እነሱ እኛን ሲያስመስሉ፣ ቲቪ ላይ እንኳን፣ ለምንድን ነው የማይመስለው? ሰራተኛ ሆነው ሲተውኑ አይታችኋል፣ አረብኛችንን ለማበላሸት ሲሞክሩ እራሱ ተሳስተው ነው የሚያበላሹት። እኛ የምንሳሳተው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እናደርጋለን፣ "ኢንተ" እና "ኢንቲ" ይምታታብናል፣ እነሱ ግን ዝም ብለው ይንተባተባሉ። እኛ እኮ አንንተባተብም። እኛ የተሰባበረውን በፍጥነት ነው የምንናገረው!

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለማስመሰል መጀመሪያ ማዳመጥ አለብሽ። እኛ እነሱን ቀኑን ሙሉ እናዳምጣለን። ኮቴያቸውን፣ አተነፋፈሳቸውን፣ ስማችንን ሲጠሩ የቱ ድምፅ የሻይ እንደሆነ የቱ ድምፅ የቁጣ እንደሆነ እናውቃለን፣ ካላወቅን አንኖርም። እነሱ እኛን ለማዳመጥ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም። ስለዚህ እኛን ሲያስመስሉ የሚያገኙት ሦስት ነገር ብቻ ነው፣ ሻርፕ፣ መወልወያ፣ ማፊ ማሉም።

የሀገሬም ልጅ ቲክቶክ ላይ ሲያስመስለኝ ያው ሦስት ነገር ነው ያለው፣ ዊግና ወርቅ ጨምሮ። የሚያውቀኝ ኤርፖርት ላይ ብቻ ስለሆነ። ያ ልጅ ክፉ ነው አልልም። የኔን አምስት ዓመት ያየው በሻንጣዬ በኩል ነው፣ በቃ። ሻንጣው ሙሉ ነው፣ እሱም የሳቀው በሻንጣው ነው። "ማፊ ማሉም" የሚለውን ሲስቅበት ያለ አስተማሪ፣ ያለ ደብተር፣ መወልወያ ይዤ በሦስት ወር አንድ ሙሉ ቋንቋ መማሬ አይታየውም። እሱን ቢያውቅ ኖሮ ቀልዱ ራሱ የበለጠ ያስቅ ነበር።

እስከዚህ ያነበበ ሰው "አሃ፣ ይቺ ልጅ እኛ ጥሩ እነሱ መጥፎ ልትል ነው" ሊል ይችላል። አይደለም። አሁን የማልኮራበትን ልናገር።

የማዳሜ ታናሽ እህት ቤት አንዲት አዲስ ልጅ ገባች፣ ከገጠር፣ ገና ሳምንቷ። የሳዑዲ አረብኛ ውሃን "ሞያ" እንደሚል ታውቃላችሁ። ማዳሟ "ሞያ፣ ሞያ" ስትላት ልጅቷ ሙያ አለሽ ወይ ያለቻት መሰላት። ቆም ብላ፣ እጇን አጣምራ፣ "ሙያማ አለኝ እትዬ፣ ዶሮም እሰራለሁ" አለቻት በአማርኛ። ማዳሟ እንደገና "ሞያ!" ስትል፣ "እንጀራም እጋግራለሁ" አለቻት።

ይሄን እራሷ ናት ኩሽና ውስጥ የነገረችን፣ እየሳቀች። እኛም ሞተን ሳቅን። እኔ ደግሞ አስመሳይ ነኝ፣ በቀጣዩ አርብ እሷን ሆኜ ሰራሁት። እጅ ማጣመሩን፣ አንገት ሰበር ማድረጉን፣ "ዶሮም እሰራለሁ" የሚለውን። ልጅቷም ሳቀች። እስከዛ ችግር አልነበረም።

ችግሩ የማዳሜ ትልቋ ልጅ ኩሽና በር ላይ ቆማ ነበር። "ምንድን ነው፣ ምንድን ነው፣ ንገሪኝ" አለች። ነገርኳት፣ ሞያ በኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ አስረዳኋት። ሳቀች፣ እጄን ይዛ ሳሎን ወሰደችኝ፣ "አሳዪያቸው" አለችኝ። እህቶቼ፣ እምቢ ማለት እችል ነበር። የሚመታኝ ሰው አልነበረም። ግን አምስት ማዳሞች እኔን እያዩ፣ ማማ ከቢር እራሷ ፈገግ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእቃ ሳይሆን ለኔ ቦታ ለቀውልኝ መሀል ቆምኩ። ደስ አለኝ። ሰራሁት። ከኩሽናውም አጋነንኩት።

ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ። ልጅቷ ፊንጃል ሰብስባ ልትወስድ ገብታ ነበር፣ በሩ ጋ አየኋት። እሷም ሳቀች። ግን ጥርስ ባዳ ነው።

ከዛ ቀን ጀምሮ ስሟ "ሞያ" ሆነ። ማዳሟ "ሞያ ነይ"፣ ልጆቹ "ሞያ፣ ሞያ"፣ እንግዳ ሲመጣ "ሞያ የተባለችው ለምን መሰለሽ"። ልጅቷ አረብኛ መናገር አቆመች። አንገቷን ብቻ ነው የምትነቀንቀው፣ አርብ ኩሽና ስትመጣም ዝም። እኔ "ከበዳት፣ ትለምደዋለች" አልኩ። ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ ማዳሜ ስልክ ላይ ስትጮህ ሰማሁ፣ ልጅቷ ሆስፒታል ገብታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ጎኗን ሲያማት፣ ትኩሳት ሲያቃጥላት፣ ለማንም አልተናገረችም። ደረጃ ላይ ወድቃ ነው ያገኟት። ኩላሊቷ ነው አሉ፣ ቢቆይ ይብስ ነበር አሉ።

ስትሻላት ኩሽና ውስጥ ብቻዋን አግኝቻት "ለምን አልተናገርሽም" አልኳት። "ብሳሳት ትስቁብኛላችሁ ብዬ ነው" አለችኝ። "ይስቁብኛል" አላለችም። "ትስቁብኛላችሁ" ነው ያለችው።

ያን ቀን ማታ አልተኛሁም። አንድ አይነት ቀልድ ነው እኮ። ኩሽና ውስጥ ስሰራው ልጅቷም ሳቀች፣ ሁላችንም የራሳችንን የመጀመሪያ ሳምንት ነበር የሳቅንበት። እኔም ስመጣ ማዳሜ ሳሙና ስትለኝ ሳንቡሳ አምጥቻለሁ። ሳሎን ይዤው ስገባ ግን የልጅቷ መሆኑ ቀረ፣ የነሱ ሆነ። እነሱ የመጀመሪያ ሳምንት የላቸውም። እዛ ውስጥ የነበረው ፍርሃት፣ ያ "ሙያ አለኝ፣ አትመልሱኝ" የሚለው ልመና አልታያቸውም፣ የታያቸው አለማወቋ ብቻ ነው። ወስጄ የሰጠኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ፣ የሷን ቋንቋ የማውቀው፣ የሷን ፍርሃት የማውቀው።

ስለዚህ አሁን አንድ ቀልድ ስመለከት "ጨዋ ነው ወይስ ባለጌ" ብዬ አልጠይቅም። ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። አንደኛ፣ ይሄ ሰው የሚያስመስለውን ሰው ያውቀዋል ወይስ ሻርፑን ብቻ ነው ያየው? ሁለተኛ፣ ቀልዱ ሲያልቅ ነገ ጠዋት የሚከፍለው ማን ነው? አይሲስን ያስመሰለው ሰው ቀልዱ ሲያልቅ የሚከፍለው እራሱ ነው፣ ዛቻውን እሱ ነው የተቀበለው። የመኪናው ዘፈን ሲያልቅ የሚያፍረው ክልከላው ነው። "ሞያ" ሲያልቅ ግን የከፈለችው ልጅቷ ናት፣ በኩላሊቷ። እኔ በሳቁ መሀል ቆሜ ነበር፣ ምንም አልከፈልኩም።

"ቀልድ ነው አታካብዱ" የምትሉ እህቶች፣ ለዚህ ነው የማልስማማው። "በኛ አይቀለድ" የምትሉትም፣ ከናንተም ጋር አልስማማም። በኛ ይቀለድ! ግን የሚያውቀን ይቀልድ። ማለት እኛ።

ይሄ ሲሰራ አይቻለሁ። አንዲት እህታችን የሰራችው አጭር ቪዲዮ ነበር፣ ብቻዋን ሆና ዘመዶቿን ሁሉ የምታስመስልበት። ነጠላውን እያዘዋወረች አክስት ትሆናለች፣ አጎት ትሆናለች፣ የጎረቤት ልጅ ትሆናለች። ሁሉም ሲደውሉ "ጤናሽ እንዴት ነው?" ይላሉ፣ መልሱን ሳይሰሙ "እንግዲህ ሰርግ መጥቶብን..." ብለው ይቀጥላሉ። ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ ግን በየመሀሉ "ትንሽ አሞኝ..." ብላ ትጀምራለች፣ ማንም አያስጨርሳትም። በመጨረሻ "አሞኛል" የሚለውን ለመወልወያው ትነግረዋለች።

ምንም ሳልጽፍ ለቤተሰቤ ግሩፕ ላኩት። ሁለት ቀን ዝም አሉ። "አስቀየምኳቸው፣ እናቴን አስለቀስኳት" ብዬ ተጨነቅኩ። በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ ደወለ። "ጤናሽ እንዴት ነው?" አለኝ። እኔም እንደለመድኩት "ደህና ነኝ፣ እናንተስ" ብዬ ላልፍ ስል፣ ዝም አለ። ጠበቀ። "አይ፣ መልሱን ልስማ ብዬ ነው" አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዛ ወገቤን እንደሚያመኝ ነገርኩት። ከዛም ከደመወዜ ስንት ለራሴ እንደማስቀር ጠየቀኝ፣ ምንም አልኩት። በአምስት ዓመት ውስጥ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ እያለቀስኩ ስንቴ ሞክሬ ያልቻልኩትን ያቺ የማላውቃት እህት ነጠላ እያዘዋወረች በሁለት ደቂቃ ነገረችልኝ።

እስቲ አስቡት፣ ስለ ደላላ ቢሰራ። "ቤቱ ትንሽ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ልጅ የለም" ብሎ ባለ ሦስት ፎቅ የሚያስገባውን። ስለ መክተብ ቢሰራ፣ "ደውዪልን፣ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነን" ብሎ ስትደውዪ የሚዘጋውን። ስለራሳችንም ቢሰራ፣ ሀገር ቤት "ደልቶኛል" ብለን ማዳም ሳሎን ውስጥ ፎቶ ተነስተን የምንልከውን። እኔ እዛ ፎቶ ውስጥ አለሁበት። አዲስ የሚመጡ ልጆች ያን ፎቶ አይተው ከሚመጡ ያን ቀልድ አይተው ቢመጡ ይሻላል።

ግን እህቶቼ፣ አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ይሄን ሳልል ብጨርስ ጥፋት ይሆንብኛል። ማዳማችሁን አስመስላችሁ በቤቷ ውስጥ ቪዲዮ እንዳትቀርጹ። ሳሎኑ እንዳይታይ፣ የልጆቹ ፊት እንዳይታይ፣ ድምፃቸውም ከኋላ እንዳይሰማ። እዚህ ሳዑዲ እኤአ በ2007 የወጣ የሳይበር ሕግ አለ፣ ሰውን በስልክ ካሜራ ግላዊነቱን መንካትም ሆነ ስሙን ማጥፋት እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ሊያስቀጣ ይችላል። ደመወዜ 1000 ሪያል ነው፣ ሳልበላ ሳልልክ ባጠራቅም ከ41 ዓመት በላይ ማለት ነው። ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁም እንደዚሁ፣ በ2021 በወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ ሰው መቅረጽና መለጠፍ እስር ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም ቅጣት አለው። "ቀልድ ነው" ማለት አያድንም። ሌሎች ሀገሮች ያላችሁም የሀገሩን ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ስለዚህ ማዳምን ማስመሰል ኩሽና ውስጥ ይቅር፣ በአፍ፣ ያለ ስልክ። ለቪዲዮ የሚሆነው ደላላው፣ ዘመዱ፣ ሻንጣው፣ የራሳችን አረብኛ ነው፣ ያውም ስም ሳይጠራ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ በራሳችን ልብስ። ሀገር የገባችሁ እህቶች ደግሞ እናንተ ነጻ ናችሁ፣ ለኛም ሥሩልን።

እና ያልተጻፈ አንድ ሕግ ከኔ ጨምሩበት፣ የአዲስ ልጅ ስህተት ከኩሽና አይውጣ። ወደ ሳሎንም፣ ወደ ግሩፕም፣ በድምፅም። እሷ እራሷ እስክትነግረው ድረስ የሷ ነው።

ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ወዲያው አልሆነም፣ ብዙ አርብ ነው የፈጀው። የሷን ማዳምም ለምኜ፣ የኔንም ማዳም ለምኜ፣ አሁን በስሟ ነው የሚጠሯት፣ ትንሿ ልጅ አልፎ አልፎ ከመርሳቷ በስተቀር። ይሄን ከመጻፌ በፊትም አንብቤላታለሁ፣ "ዶሮ መሥራቴን ግን እውነት መሆኑን ጻፊ" ብላኛለች። እውነት ነው፣ ዶሮዋ ሌላ ነው።

ባለፈው አርብ ኩሽና ውስጥ ተራው የሷ ሆነ። ማንን ልታስመስል ነው ብለን ስንጠብቅ ሻርፏን አስተካከለች፣ መሀል ገባች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ሁሉም እያያት መሆኑን አረጋገጠች፣ ከዛ ጉሮሮዋን ጠረገች። ገና አንድ ቃል ሳትናገር ሁሉም ወደኔ ዞሮ ሳቀ። እኔን ነበር የሆነችው። ለማስመሰል ስነሳ የማደርገውን። እኔ እንደዛ እንደማደርግ በሕይወቴ አላውቅም ነበር።

ስታዳምጠኝ ቆይታለች ማለት ነው። እኔም ሳቅኩ፣ ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልብ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በመጀመሪያ ሳምንታችሁ የተሳሳታችሁትን ቃል ጻፉልኝ፣ የራሳችሁን ግን፣ የሌላ ሰው አይደለም። እኔ ሳንቡሳዬን ተናግሬያለሁ።

ፈጣሪ ሁላችንንም በሰላምና በጤና ለሀገራችን ያብቃን።